ኢንስፔክሽን ሳይመጣ፦ ትንሽ የግል ትምህርት ቤት ለእውቅና እድሳት እንዴት ይዘጋጃል?

መጋቢት ከገባ ጀምሮ በስልኬ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ከደሴም ይደወል ከኮምቦልቻ፣ ደዋዩ ኬጂ ብቻ ይኑረው ወይም እስከ 8ኛ ክፍል ያስተምር፣ «ጋሼ፣ እውቅናችን ሊታደስ ነው፤ ኢንስፔክሽን ይመጣል ተብለናል፤ ምን እንግዛ? ግድግዳውን ቀለም እናስቀባው?» ይሉኛል። በየስልኩ እየቆራረጥኩ ከምመልስ ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዚህ አስቀምጬዋለሁ። የጻፍኩት ከ100 እስከ 300 ተማሪ ላለው፣ ብዙ ጊዜም በኪራይ ግቢ ለሚሠራ ትንሽ ትምህርት ቤት ነው። አብሽሩ፣ ስምንት ሳምንት ካላችሁ ይደረስበታል።

እውቅና እንድታስተምሩ የሚፈቅድላችሁ ወረቀት ነው። ኢንስፔክሽን ደግሞ የምታስተምሩበትን ደረጃ ይለካል። ሁለቱ የተለያየ ሥራ ቢሆኑም የሚጠይቁት ማስረጃ አብዛኛው አንድ ስለሆነ አንዴ በደንብ የተሰናዳ ፋይል ለሁለቱም ያገለግላል።

መጀመሪያ ስሌቱን እወቁ

የአጠቃላይ ትምህርት ኢንስፔክሽን ማዕቀፍ በ2006 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ትምህርት ቤትን በሦስት ዘርፍ መዘነ፦ ግብዓት (ግቢው፣ ዕቃውና የሰው ኃይሉ) 25 በመቶ፣ ሂደት (መማር ማስተማሩና አመራሩ) 35 በመቶ፣ ውጤት (ተማሪዎቹ የደረሱበት) 40 በመቶ። በሦስቱ ሥር 26 ስታንዳርዶች አሉ፤ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ይሰጠዋል። ድምሩ ከ50 በታች የሆነ ደረጃ 1 ነው። ከ50 እስከ 69.99 ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 89.99 ደረጃ 3፣ 90ና ከዚያ በላይ ደረጃ 4 ይባላል። ስታንዳርዱን አሟሉ የሚባሉት ደረጃ 3ና 4 ናቸው።

ሁለት ትምህርት ቤቶችን ለምሳሌ እንውሰድ። አንደኛው ገንዘቡን ሁሉ ግቢው ላይ አውሎ በግብዓት 90 በመቶ፣ በሂደት 55፣ በውጤት 55 አገኘ። ሲባዛ 22.5 ሲደመር 19.25 ሲደመር 22፣ ድምሩ 63.75 ይሆናል፤ ደረጃ 2 ነው። ሁለተኛው ግቢው መጠነኛ ሆኖ በግብዓት 70፣ በሂደት 75፣ በውጤት 75 አገኘ። 17.5 ሲደመር 26.25 ሲደመር 30፣ ድምሩ 73.75፤ ደረጃ 3 ነው። ቀለሙም፣ ዴስኩም፣ የመጫወቻ ሸርተቴውም የሚቆጠረው 25ቷ ውስጥ ብቻ ነው። «ምን እንግዛ?» ለሚለው ጥያቄ መልሴ ይኸው ነው፤ ከመግዛታችሁ በፊት ሂደቱንና ውጤቱን እዩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በሥራ ላይ ያለው የኢንስፔክሽን መሣሪያና ለእርከናችሁ (ለቅድመ አንደኛ፣ ለአንደኛ ደረጃ ወይም ለመካከለኛ ደረጃ) የወጣው የትምህርት ቤት ስታንዳርድ፤ ከከተማችሁ ትምህርት መምሪያ ይገኛል
- ያለፈው የኢንስፔክሽን ሪፖርትና የሱፐርቫይዘር ግብረ መልስ መዝገብ
- የእውቅና ፈቃዱ ዋናው ቅጂ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ፣ የኪራይ ውል ወይም የይዞታ ማረጋገጫ
- አሥር ያህል ቦክስ ፋይል፣ ፐንቸር፣ የመለያ ወረቀት
- የግንበኛ ሜትር
- ስካን የሚያደርግ ስልክና ሁለት ፍላሽ
- የሚቆለፍ ቁም ሳጥን

ደረጃ 1፦ ፈቃዱን ራሱን አንብቡ

ብዙዎቻችሁ ፈቃዱን በፍሬም አድርጋችሁ ቢሮ ውስጥ ሰቅላችሁታል፤ ከተሰቀለ ወዲህ ግን አላነበባችሁትም። አውርዱና አራት ነገር እዩ፦ የትምህርት ቤቱ ስም፣ አድራሻው፣ የተፈቀደው እርከን፣ ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን። የንግድ ፈቃዱ ላይ ካለው ስምና አድራሻ ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት።

ይህ ቀድሞ መታየት ያለበት ስህተት ከተገኘ ሌላው ዝግጅት ሁሉ እዚያው ስለሚቆም ነው። የ2015 የትምህርት ሥርዓት አንደኛ ደረጃን ከ1 እስከ 6፣ መካከለኛ ደረጃን 7ና 8 አድርጎ ለይቷል። ፈቃዳችሁ እስከ 6ኛ ሆኖ 7ኛ ክፍል ከከፈታችሁ ማስፋፊያ ሳታስፈቅዱ ጀምራችኋል ማለት ነው፤ ጉዳቱም 8ኛ ክፍል ደርሰው ለክልላዊ ፈተና የሚመዘገቡት ልጆች ላይ ይወድቃል። ግቢ የቀየራችሁም እንዲሁ። እውቅና የሚሰጠው ለዚያ ግቢ ስለሆነ ደሴ ውስጥ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ወደ ሰኞ ገበያ ሰፈር የተዛወረ ትምህርት ቤት አዲስ የቦታ ግምገማ ማስደረግ አለበት።

ደረጃ 2፦ ያለፈውን ሪፖርት በሠንጠረዥ መልሱ

ያለፈው ሪፖርት መጨረሻ ላይ «መሻሻል የሚገባቸው» ተብለው የተዘረዘሩትን አንድ በአንድ ጻፉ። ከጎናቸው ምን እንደተደረገ፣ መቼ እንደተደረገ፣ ማስረጃው የት ፋይል ውስጥ እንዳለ ሙሉ። ያልተደረገ ካለ ምክንያቱንና የምታጠናቅቁበትን ቀን አስፍሩ። ኢንስፔክተሮች ግቢውን ከማየታቸው በፊት ያለፈውን ሪፖርት አንብበው ስለሚመጡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ከዚያ ይነሳል። ያው ጉድለት ለሁለተኛ ጊዜ ከተገኘ ትምህርት ቤቱ ግብረ መልስን አይጠቀምም ተብሎ በአመራር ሥርም ይቆጠርባችኋል።

ደረጃ 3፦ ግለ ግምገማውን በእውነት ሥሩ

አምስት ሰው ይበቃል፦ ርእሰ መምህሩ፣ ሁለት መምህራን፣ አንድ የወላጅ ተወካይ፣ አንድ ከፍ ያለ ክፍል ተማሪ። ባለቤቱ ሰብሳቢ ባይሆን ይሻላል፤ ደመወዝ ከፋዩ ፊት «እዚህ ጋ 1 ነን» ብሎ የሚናገር መምህር አይገኝምና።

ስታንዳርዶቹን በየተራ አንሡና ለእያንዳንዱ «ምን እናሳያለን?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚጨበጥ ወረቀት ወይም የሚታይ ነገር ካልተገኘ 1 ስጡ። ለራሳችሁ ማዳላት የሚጎዳው እናንተን ነው፤ ግለ ግምገማችሁ ከኢንስፔክሽኑ ውጤት በጣም ከራቀ ራሳችሁን አታውቁም ማለት ይሆናል። ከዚያ 1ና 2 ያገኙትን ብቻ ለይታችሁ ማን፣ መቼ፣ በምን ገንዘብ እንደሚያስተካክል የያዘ የአንድ ገጽ ዕቅድ አውጡ። ይህ ገጽ የቀሪ ስድስት ሳምንታችሁ መሪ ነው።

ደረጃ 4፦ የመምህራን ፋይል

ለእያንዳንዱ መምህር አንድ አቃፊ፦ የትምህርት ማስረጃ፣ ከሰጠው ተቋም የመጣ የማስረጃ ትክክለኛነት ማረጋገጫ፣ የሥራ ልምድ፣ የቅጥር ውል፣ የጤና ምርመራ፣ የደመወዝና የጡረታ መዋጮ የተከፈለበት ሰነድ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። ደሞዙ ሲከፈል መዋጮው ካልተከፈለ መምህሩ በእርግጥ ቅጥረኛችሁ ነው ወይስ ለእለቱ የመጣ ነው የሚል ጥርጣሬ ያስነሳል።

የማስረጃ ማጣሪያውን ዛሬ ጀምሩ። መምህሩ ከደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ወይም ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ከሆነ ደብዳቤ ይዞ ሄዶ ማስጨረስ ይችላል። ከሩቅ ተቋም ከሆነ ግን መልሱ ሳምንታት ይፈጃል፤ ከዝግጅቱ ሁሉ በገንዘብ የማይፈጥን ይኸኛው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምርን ሰው ስም ለፋይል ማሟያ አታስገቡ። መምሪያው የሁለቱንም ዝርዝር ስለሚይዝ ሁለት ቦታ የተመዘገበ ስም ወዲያው ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ ያላችሁን እውነተኛ ሰነድም የሚያምን የለም።

ደረጃ 5፦ ግቢውን በሜትር ልኩ

የየክፍሉን ርዝመትና ስፋት ለኩና ካርታ ሥሩ፤ ቢሮ፣ ሽንት ቤት፣ የውሃ ቦታና ሜዳም ይግቡበት። የክፍል ተማሪ ጥምርታው ለቅድመ አንደኛ ከ40፣ ለአንደኛ ደረጃ ከ50 እንዳይበልጥ ነው። ጠባብ የመኖሪያ ቤት ክፍል ግን ይህን ቁጥር አይችልም፤ ወለሉ ለሚችለው ያህል ብቻ መዝግቡ።

ደሴ ላይ ዋናው ጉዳይ መሬቱ ነው። ከተማችን ከጦሳ ሥር ተዳፋት ላይ ስለተቀመጠች የአጥር ድጋፍ ግንብ፣ የጎርፍ ማፋሰሻና ደረጃዎች ከክረምት በፊት መታየት አለባቸው። ግንቡ ላይ ስንጥቅ ካለ፣ ሆዱ ከተነፋ ወይም ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ከሌለው መሐንዲስ አሳዩና የጽሑፍ አስተያየቱን ፋይል አድርጉ። የዝናብ ውሃ ከግንብ ጀርባ ሲጠራቀም ግንቡን ይገፋዋል፤ ከሥሩ ደግሞ የሚጫወቱት ልጆች ናቸው። የኬጂ ክፍሎች ምድር ላይ ይሁኑ፤ ደረጃዎች መያዣ ይኑራቸው። ኮምቦልቻ ዝቅ ብላ ሞቃት ስለሆነች ቆርቆሮ ጣራ ብቻ ያለው ክፍል ከቀትር በኋላ አያስተምርም፤ ኮርኒስና በሁለት ወገን የሚከፈት መስኮት ያስፈልገዋል።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ ይኑራችሁ፤ ሮቶው ከሽንት ቤቱ ደጅ ካለው የእጅ መታጠቢያ ጋር በቧንቧ ይገናኝ። የወንድና የሴት ሽንት ቤት ይለይ፤ የሴቶቹ ከውስጥ ይቆለፍ። ኢንስፔክተር ቧንቧውን ከፍቶ ያያል፤ ሮቶ ባዶ ከሆነ «አለ» ማለት ዋጋ የለውም።

የኪራይ ውሉ በሚመለከተው ክፍል የተረጋገጠና ቢያንስ የምታሳድሱትን የፈቃድ ዘመን የሚሸፍን ይሁን። ዓመት መሃል ልጆቹ ሜዳ ላይ እንዳይቀሩ መምሪያው የሚያየው ይህን ነው።

ደረጃ 6፦ ሂደቱ

እዚህ ጋ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፤ ትንንሽ ትምህርት ቤቶች የሚወድቁት እዚህ ነው።

ርእሰ መምህር በነበርኩበት አንድ ትምህርት ቤት ዴስኩን ሁሉ አስቀይረን፣ ግድግዳውን አስቀብተን ጠበቅን። ኢንስፔክተሯ የክፍል ምልከታ ፋይሉን ከፈተች። 14 ቅጽ ነበር፤ ሁሉም በአንድ እስክሪብቶ፣ ሁሉም «ጥሩ ነው፣ ይቀጥል» የሚል። አንዱን መምህር ጠርታ «ርእሰ መምህርህ ገብቶ ሲያይህ ምን አሻሽል አለህ?» ብላ ጠየቀችው። ዝም አለ። ቅጾቹን አጣጥፋ ወደ ጎን አደረገቻቸው፤ ትክክል ነበረች። የዚያ መምህር ዝምታ እስከ ዛሬ ይታየኛል፤ እኔ ያላደረግሁለትን ነበር የተጠየቀው።

ስለዚህ እንዲህ ሥሩ፦

ሀ) በየወሰነ ትምህርቱ እያንዳንዱን መምህር ቢያንስ ሁለት ጊዜ ገብታችሁ እዩ። በመጀመሪያው ምልከታ አንድ የሚሻሻል ነገር ብቻ ጻፉ፤ «ጥያቄው ሁሌ ለፊት ረድፍ ነው፤ ኋላ ያሉትን አትጠይቅም» የሚል ዓይነት። በዚያው ቀን ከመምህሩ ጋር ተነጋግራችሁ ተፈራረሙ። በሁለተኛው ምልከታ ያን አንድ ነገር ፈልጉ፤ ተሻሽሎ እንደሆነ ጻፉ። ማስረጃ የሚባለው ሁለቱ ቅጾች ተያይዘው ሲቀመጡ ነው።

ለ) የዓመትና የየዕለት የትምህርት ዕቅድ በየሳምንቱ ሲፈረም ፈራሚው አስተያየት ይጨምር። ፊርማ ብቻ ያለበት ዕቅድ መታየቱን እንጂ መነበቡን አያሳይም። ዕቅዱ ላይ ያለው ገጽ፣ የተማሪው ደብተር ላይ ያለው ቀንና በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት መመሳሰል አለባቸው፤ ሦስቱን አስተያይተው ይመለከታሉ።

ሐ) ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ በዓመት 60 ሰዓት ነው። ስድስት መምህር ብቻ ካላችሁ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት ተሰብስባችሁ በአንድ የራሳችሁ ችግር ላይ ሥሩ፤ ለምሳሌ 1ኛ ክፍል ፊደል ለሚቸገሩ ልጆች። የመምህሩ ማኅደር ውስጥ ያቀደው፣ የሠራውና የተማረው ይግባ።

መ) ተከታታይ ምዘናው በማርክ ሊስት ላይ ተከፋፍሎ ይታይ፤ ያነሰ ውጤት ላመጡት የተሰጠ ማጠናከሪያ ትምህርት የተገኙ ልጆች ፊርማ ይኑረው።

ሠ) መጻሕፍትና ቋንቋ፦ የሚያስተምሩት በሥርዓተ ትምህርቱ መጻሕፍት ይሁን። ወላጅ እንግሊዝኛ ስለወደደ ብቻ በታችኛው ክፍል የሒሳብና የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት በውጭ መጽሐፍ ከተተካ፣ ልጁ በአማርኛ ለሚሰጠው የ6ኛ ክፍል ፈተና ያልተዘጋጀ ይሆናል። እንግሊዝኛውን በራሱ ክፍለ ጊዜ አጠንክሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ ያልተደረገ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ወደ ኋላ ቀን ተደርጎ አይጻፍ። ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ለየብቻ ስለሚጠየቁ ወዲያው ይታወቃል። የጎደለውን ከዛሬ ጀምሩት፤ የስምንት ሳምንት እውነተኛ መዝገብ ከዓመት ሐሰተኛ ይልቃል።

ደረጃ 7፦ ውጤቱን ተንትኑ

40 በመቶው ያለበት ዘርፍ ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤት የሚያቀርበው ግን ሮስተሩን (የተማሪዎች ማርክ የተጠቃለለበትን ሠንጠረዥ) ብቻ ነው። ሮስተር ጥሬ ነው፤ ተተንትኖ መቅረብ አለበት። በትምህርት ዓይነት፣ በክፍልና በጾታ ለዩት።

ለምሳሌ 4ኛ ክፍል 32 ተማሪ አለ፤ 17 ሴት፣ 15 ወንድ። በእንግሊዝኛ 50ና በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት 21 ነበሩ፤ 9 ሴት፣ 12 ወንድ። በሁለተኛው 26 ሆኑ፤ 14 ሴት፣ 12 ወንድ። ከ65.6 ወደ 81.25 በመቶ አድጓል ብሎ መጻፍ ግማሽ ሥራ ነው። ቀሪው ግማሽ ሴቶቹ በቅዳሜ ማጠናከሪያ ከ9 ወደ 14 ሲያድጉ ወንዶቹ ለምን ባሉበት እንደቆሙ መጠየቅና ለሚቀጥለው ዓመት ምን እንደምታደርጉላቸው መጻፍ ነው። ትንተናው በዚህ መልክ ሲቀርብ ትምህርት ቤቱ የእያንዳንዱን ልጅ ጉዳይ እንደሚከታተል ያሳያል።

የማቋረጥ ጉዳይም እዚህ ይገባል። ወላጆች በሥራ ምክንያት ከከተማ ከተማ ሲዘዋወሩ ልጁ መሸኛ ይዞ ይሄዳል። የመሸኛው ቅጂ ካልቀረላችሁ ያ ልጅ አቋርጧል ተብሎ ይቆጠርባችኋል። በትንሽ ትምህርት ቤት ሦስት ልጅ ብዙ በመቶኛ ነው፤ ዛሬውኑ መሸኛዎቹን ሰብስቡ።

ደረጃ 8፦ ወላጆች

የወላጅ ተማሪ መምህራን ኅብረት ቃለ ጉባኤ፣ የተገኙት ፊርማና የተወሰነው ነገር መፈጸሙን የሚያሳይ ማስረጃ ይኑር። በተለይ የክፍያ ጭማሪ ካለ ከወላጆች ጋር የተደረገው ውይይት በዝርዝር ይመዝገብ፤ ቅሬታ ወደ መምሪያው የሚሄደው በአብዛኛው በዚህ ነው።

ደረጃ 9፦ ፋይሉን በስታንዳርድ ቁጥር ደርድሩ

በመሥሪያ ቤት ልማድ «ወጪ ደብዳቤ፣ ገቢ ደብዳቤ» ብላችሁ አትከፋፍሉ። ቦክስ ፋይሉ ላይ የስታንዳርዱ ቁጥር ይጻፍ፤ ከውስጥ ማውጫ ገጽ ይኑር። አንድ ሰነድ ለሁለት ስታንዳርድ ካገለገለ ቅጂው በሁለቱም ይግባ። ኢንስፔክተር የሚፈልገውን ሰነድ ባያገኝ እንደሌለ ይመዘግባል፤ በሰዓታት ውስጥ ሃያ ምናምን ስታንዳርድ ማየት አለበት።

ሁሉንም በስልክ ስካን አድርጋችሁ በሁለት ፍላሽ ያዙ፤ አንዱ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ይቀመጥ። በ2014ቱ ጦርነት በደሴና በኮምቦልቻ ስንት ቢሮና ትምህርት ቤት መዝገቡን እንዳጣ አይተናል። የተማሪ ውጤት የጠፋበት ልጅ ትራንስክሪፕት ፍለጋ ዓመታት ይንከራተታል።

ደረጃ 10፦ የዕለቱ ነገር

ትምህርት እንደ ወትሮው ይቀጥል። አንድ ፋይሉን የሚያውቅ ሰው ከኢንስፔክተሮቹ ጋር ይሁን፤ የቀሩት ክፍላቸው ይግቡ። ተማሪዎችን መልስ አታስጠኑ፤ ልጅ ያጠናውን ሲናገር ያስታውቃል፣ መምህሩንም ያሳፍራል። ጉድለት ሲነሳ አትከራከሩ፤ ማስረጃ ካላችሁ አሳዩ፣ ከሌላችሁ ጻፉት። በመጨረሻ የቃል ግብረ መልስ ሲሰጥ መምህራን ሁሉ ይገኙ።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

- ከሰኔ በፊት ምንም ሳይሠሩ ክረምት ላይ መሯሯጥ። ተማሪ በሌለበት የክፍል ምልከታም የተማሪ ቃለ መጠይቅም የለም።
- ከጎረቤት ትምህርት ቤት ዕቅድ ኮፒ ማድረግ። የሌላው ስም በአንድ ገጽ ላይ ይቀርና ፋይሉ ሁሉ ይጠረጠራል።
- ቤተ መጻሕፍት ተብሎ የተቆለፈ ክፍል ማሳየት። የሚታየው የተዋሱ ተማሪዎች መዝገብ ነው።
- ባለቤቱ ርእሰ መምህሩን ሳያማክር ግዢ መፈጸም፤ ከዚያ ግለ ግምገማው ያሳየው ክፍተት ሳይነካ ይቀራል።
- ክበባትን በወረቀት ብቻ ማቋቋም።

ደረጃ 11፦ ማመልከቻውን ማስገባት

የእድሳት ማመልከቻው ፈቃዱ ከማለቁ በፊት ይግባ፤ መምሪያው የብቃት ማረጋገጫ ካልሰጠ የንግድ ፈቃዳችሁም አይታደስም። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱ መዝገብ ቤት ይቀራል፤ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጉ። ሪፖርቱ ሲመጣ የማትስማሙበት ነጥብ ካለ የስታንዳርዱን ቁጥርና የማስረጃውን ገጽ ጠቅሳችሁ በጽሑፍ አቅርቡ፤ ያንንም የገቢ ቁጥር አስይዙት።